«አሥር ሰው» ከስንት ሰው? የወረርሽኝ ቁጥሮች በደቡብ ቆላማ ከተሞች

ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ የቆላማው አካባቢ የንግድ መናኸሪያ ናት። ከሻሸመኔ ተነሥቶ በአዶላ በኩል የሚመጣው መንገድ ይህችን ከተማ አቋርጦ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ ይዘልቃል። በከብት ገበያዋ ቦረናው፣ ጉጂው፣ ሶማሌውና ከደጋ የወረደው ነጋዴ ይገናኛሉ። በዚህ የተነሣ በአካባቢው ስለሚከሰት ወረርሽኝ የሚነገር ቁጥር ለነገሌ ነዋሪ ተራ ዜና ሆኖ አያልፍም። ነጋዴው ከብቱን ወደ ገበያ ለመንዳት ወይም ለማቆየት፣ እናት ልጇን ይዛ ወደ ዘመድ ቤት ለመሄድ ወይም ለመቅረት፣ ሾፌሩም በመንገድ ላይ ያገኘውን ውኃ ለመጠጣት ወይም ለመተው የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ በሬዲዮ በሰሙት ቁጥር ተመርተው ነው።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚነገርበት መንገድ ሁልጊዜ ለውሳኔ የሚያበቃ አይደለም። «በኮሌራ የተያዙ ሰዎች ቁጥር በአንድ ሳምንት በእጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና ሲነበብ በአድማጩ ጆሮ የሚቀረው «እጥፍ» የሚለው ቃል ነው። ከ4 ወደ 8 ይሁን ወይም ከ400 ወደ 800 ሳይታወቅ፣ ሕመምተኞቹም ከአንድ ቀበሌ ይሁኑ ወይም ከመላው ዞን ሳይለይ፣ ወሬው ከገበያ ወደ መንደር ይደርሳል።

የሚገርመው፣ አርብቶ አደሩ ስለ ከብቶቹ ሲነጋገር ይህን ስሕተት አይሠራም። «የእገሌ አሥር ከብት ሞተበት» ሲባል ቀጥሎ የሚጠየቀው «ስንት ነበረው?» የሚል ነው። ከአሥራ ሁለት ከብት አሥር የሞተበት ሰው ባዶውን ቀርቷል። ከሦስት መቶ ከብት አሥር የሞተበት ግን ዓመቱን ሊሻገር ይችላል። በትምህርት ቤት የክፍልፋይ ትምህርት ላይ «ላዕል» እና «ታህት» የተባሉት ሁለቱ ቁጥሮች እዚህ ላይ በቦታቸው አሉ። በጤና ዜና ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠፋው ታህቱ ነው።

ጉዳዩ በተግባር ከታየባቸው ወቅቶች አንዱ የ2014 ዓ.ም መጨረሻና የ2015 ዓ.ም ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ጉጂ ዞንና ወደ ሶማሌ ክልል ሊበን ዞን ተሻገረ። ወቅቱ ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ዝናብ በተደጋጋሚ የቀረበት፣ በቦረናና በአጎራባች አካባቢዎች አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ያለ በቂ ዝናብ ያለፉበት ነበር። ሰዎች ውኃና መኖ ፍለጋ ከቦታ ቦታ በሚንቀሳቀሱበት በዚያ ጊዜ የሕመምተኞች ቁጥር በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። ቁጥሩን ለመረዳት ግን በመጀመሪያ የየት አካባቢ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ይህም ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይምሰል እንጂ በዚህ አካባቢ ቀላል አይደለም።

ቁጥሩ የየት ነው?

«ሊበን» የሚለው ስም ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በኦሮሚያ ክልል በነገሌ ዙሪያ የሚገኘው ወረዳ ሊበን ይባላል። በሶማሌ ክልል ደግሞ ፊልቱን ዋና ከተማው ያደረገ፣ እስከ ዶሎ ኦዶ የሚዘልቅ ሰፊ ዞን በዚሁ ስም ይጠራል። «በሊበን ይህን ያህል ሰው ታመመ» የሚል አጭር ዜና የሰማ የነገሌ ነዋሪ ወረርሽኙ ደጃፉ ላይ መድረሱን ሊያምን ይችላል። ሕመምተኞቹ ግን በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። ተቃራኒው ስሕተት ደግሞ የከፋ ነው። በሽታው በእርግጥ ደጃፉ ላይ እያለ «የዚያኛው ሊበን ነው» ብሎ መዘናጋት ይመጣል።

የነገሌ ከተማ ራሷ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በሦስት ዞኖች ስም ተጠርታለች። በመጀመሪያ የቦረና ዞን አካል ነበረች። የጉጂ ዞን በ1995 ዓ.ም ራሱን ችሎ ሲቋቋም የዚያ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል ከቦረና፣ ከጉጂና ከባሌ ዞኖች ወረዳዎችን አውጥቶ ምሥራቅ ቦረና ዞንን ሲያቋቁም ደግሞ የአዲሱ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። በመሐሉም ቡሌ ሆራን ዋና ከተማው ያደረገው ምዕራብ ጉጂ ዞን ተመሥርቷል። የአስተዳደር ወሰኑ ጥያቄ የራሱ መድረክ አለው። እዚህ ላይ የሚነሣው በቁጥር ላይ ያስከተለው ውጤት ብቻ ነው። «በቦረና ዞን የወባ ሕሙማን ከአሥር ዓመት በፊት ከነበረው ቀነሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር፣ በሽታው ቀንሶ ይሁን ወይም ሕሙማኑ የሚገኙባቸው ወረዳዎች ወደ ሌላ ዞን ተሸጋግረው ሳይለይ ከተነገረ ትርጉም የለውም።

ሞያሌ ደግሞ የሁሉም ማሳያ ናት። ከተማዋ በኢትዮጵያ በኩል በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አስተዳደር ሥር ትገኛለች። ድንበሩን ሲሻገሩ የኬንያዋ ሞያሌ ትቀጥላለች። አንድ ሰው በአንደኛው ክፍል ኖሮ በሌላኛው ሊነግድ፣ በሦስተኛው ሊታከም ይችላል። የጤና ሪፖርቱ ግን በሦስት የተለያዩ መስመሮች ወደ ላይ ይወጣል። በሞያሌ ስላለ ወረርሽኝ ከሦስቱ መስመሮች የአንዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ዜና፣ በውስጡ ያለው ቁጥር ትክክል ቢሆንም እንኳ የከተማዋን ሁኔታ አያሳይም።

ታህቱ ከየት ይመጣል?

ቦታው ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ በዚያ ቦታ ስንት ሰው ይኖራል የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። በሶማሌና በአፋር ክልሎች ቆጠራው የተከናወነው ከሌሎቹ ክልሎች ዘግይቶ በ2000 ዓ.ም ኅዳር ወር ነበር። ይህም ማለት ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ላይ በወዲህና በወዲያ የሚኖሩ ሰዎች በግማሽ ዓመት ልዩነት ተቆጥረዋል ማለት ነው። ለሚንቀሳቀስ ሕዝብ ግማሽ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። ቆጠራው ለቦረና ዞን የሰጠው ቁጥር 962 ሺህ 489 ሲሆን፣ የነገሌ ከተማ ነዋሪ ደግሞ 35 ሺህ ገደማ ነበር።

አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ የሚውለው በዚያው ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላ ትንበያ ነው። ትንበያ የስታትስቲክስ ሙያ የተለመደ መሣሪያ ስለሆነ በራሱ ነቀፋ የለበትም። ችግር የሚሆነው መነሻው እየራቀ ሲሄድ፣ ከተሞች ከተጠበቀው በላይ ሲያድጉ፣ ወሰን ሲለወጥና ድርቅ ሕዝቡን ሲያንቀሳቅስ ነው። የዚህ ምልክት በክትባት ዘመቻ ሪፖርቶች ላይ ይታያል። የተከተቡት ሕፃናት ቁጥር ለአካባቢው በተገመተው የሕፃናት ቁጥር ሲካፈል ውጤቱ ከመቶ በመቶ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከታቀደው በላይ ተሠራ ተብሎ የሚጨበጨብለት እንዲህ ዓይነቱ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ታህቱ ስሕተት ነው። ከአጎራባች ወረዳ የመጡ ሕፃናትም ተከትበው ሊሆን ይችላል። በዚያው ልክ ከመንገድ ርቀው የሚገኙ መንደሮች ሕፃናት ሙሉ በሙሉ ሳይከተቡ ቀርተው፣ «104 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሊሸፍናቸው ይችላል።

ታህት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በዶሎ ኦዶ በ2003 ዓ.ም የታየው ያስረዳል። በዚያ ዓመት በሶማሊያ በተከሰተው ረሃብ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ድንበር አቋርጠው በአካባቢው ወደሚገኙ መጠለያዎች ገቡ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በነሐሴ ወር ባወጣው መግለጫ፣ 25 ሺህ ያህል ሰዎች በሠፈሩበት የቆቤ መጠለያ ከተከፈተበት ከሰኔ ወር ጀምሮ በአማካይ በቀን አሥር ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እየሞቱ መሆኑን አስታወቀ።

«በቀን አሥር ሕፃናት» የሚለው ሐረግ ልብ ይሰብራል። የአደጋውን ስፋት የሚያሳየው ግን ከ25 ሺህ ጋር ሲነበብ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ በቀን ከ10 ሺህ ሰዎች ስንት ሞተ የሚል ነው። በመላው ሕዝብ መካከል ከ10 ሺህ ሰው በቀን 1፣ ከአምስት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት መካከል ደግሞ ከ10 ሺህ ሕፃናት በቀን 2 ሞት ሲደርስ ሁኔታው አስቸኳይ አደጋ ይባላል። ከመጠለያው ነዋሪ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 5 ሺህ ያህሉ ሕፃናት ነበሩ ተብሎ ቢታሰብ፣ በቀን አሥር ሞት ከ10 ሺህ ሕፃናት 20 ይሆናል። ይህ የአደጋ መለኪያው አሥር እጥፍ ነው። መጠለያው በሰኔ ወር ገና እየሞላ ስለነበር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትክክለኛው መጠን ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። አንድ ሚሊዮን ሕፃናት በሚኖሩበት ሰፊ አካባቢ ግን በቀን አሥር ሞት ከ10 ሺህ 0.1 ብቻ ነው። ይህም በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በመደበኛ ሁኔታ ይታይ ከነበረው በታች ነው። የእያንዳንዱ ሕፃን ሞት በሁለቱም ቦታ እኩል ሐዘን ነው። ርዳታ ወዴት ቀድሞ መሄድ እንዳለበት የሚናገረው ግን ንጽጽሩ ነው።

ቁጥሩ ሲጨምር፣ ቁጥሩ ሲቀንስ

በወረርሽኝ ዜና ላይ በብዛት የሚሳሳተው የመጨመርና የመቀነስ ትርጉም ነው። ኮሌራ ሕክምና ላላገኘ በጽኑ የታመመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ገዳይ ሊሆን የሚችል በሽታ ነው። በአንፃሩ ሕመምተኛው በጊዜው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ካገኘ የመሞት ዕድሉ ከመቶ ከአንድ በታች ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሕክምና አሰጣጥ ጥራት የሚለካበትን ወሰን ያስቀመጠው በዚሁ አንድ በመቶ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል የሕክምና ማዕከል በሌለበት አንድ ወረዳ በአንድ ሳምንት 40 ሕመምተኞች ተመዝግበው 4 ሞቱ እንበል። በሚቀጥለው ሳምንት ማዕከል ተከፈተ፤ ወሬው ተሰማ፤ ቤታቸው ተኝተው የነበሩ ሁሉ መጡ። የተመዘገቡት 160፣ የሞቱት 2 ሆኑ። «ኮሌራ በአራት እጥፍ ጨመረ» የሚለው ርዕስ በቁጥር ደረጃ ሐሰት የለበትም። በተግባር የሆነው ግን የሞት ምጣኔው ከ10 በመቶ ወደ 1.25 በመቶ መውረዱ ነው። ይህን ርዕስ ሰምቶ ከማዕከሉ የሚሸሽ ሰው ቢኖር የዜናው ዋጋ በሰው ሕይወት የተከፈለ ይሆናል። ከዚሁ ጋር የሞት ምጣኔው ራሱ በማዕከል የሞቱትን ብቻ የያዘ መሆን አለመሆኑ መጠየቅ አለበት። በቆላማው አካባቢ ወደ ጤና ጣቢያ ሳይደርሱ በቤታቸው ወይም በመንገድ ላይ የሚሞቱ ሰዎች ካልተቆጠሩ ምጣኔው ከእውነታው በታች ይሆናል።

በመላ አገሪቱ ተመሳሳይ ሁኔታ የታየው በኮሮና ቫይረስ ወቅት ነበር። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገኘ በኋላ የዕለቱ ቁጥር በየምሽቱ ይነበብ ነበር። በነሐሴ ወር በተካሄደው ሰፊ የምርመራ ዘመቻ በቀን ከ20 ሺህ በላይ ናሙና የተመረመረባቸው ቀናት ነበሩ። በወሩ መጀመሪያ 20 ሺህ ገደማ የነበረው አጠቃላይ የተያዦች ቁጥርም በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። ጭማሪው የቫይረሱን ሥርጭት ብቻ ሳይሆን የምርመራውን ስፋትም ጭምር የያዘ ነበር። የዕለቱ መግለጫ የተመረመሩትን ሰዎች ቁጥር አብሮ ይሰጥ ስለነበር ፈልጎ የሚያካፍል ሰው ምጣኔውን ማግኘት ይችል ነበር። በየቡና ቤቱ ሲደጋገም የሚሰማው ግን የተያዦቹ ቁጥር ብቻ ነበር።

መቀነስም እንዲሁ ሁለት ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚመራው የቅኝት ሥርዓት መሠረት ኮሌራን የመሰሉ በሽታዎች ከጤና ኬላ ጀምሮ በየደረጃው በ30 ደቂቃ ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለባቸው። ሌሎቹ በሽታዎች በየሳምንቱ ይጠቃለላሉ። ሕመምተኛ ያላየ ጤና ኬላም ዝም ማለት የለበትም። «ዜሮ» ብሎ መላክ ይጠበቅበታል። በዚህ አሠራር ውስጥ ያለው ጥበብ ብዙ አይነገርለትም። ዜሮ የላከ ኬላ አይቶ ማንንም አላገኘም። ምንም ያልላከ ኬላ ግን ሕመምተኛ የለውም ማለት ሳይሆን ስለ እሱ የሚታወቅ ነገር የለም ማለት ነው። መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ፣ የስልክ መስመር ሲጠፋ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ራሷ ስትታመም የሳምንቱ ድምር ይቀንሳል። በዜና ላይም «ወረርሽኙ እየተገታ ነው» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በመሆኑም ባለሙያዎች ድምሩን ከማየታቸው በፊት ሪፖርት ማድረግ ከሚገባቸው ተቋማት ስንቱ እንደላኩ ይመለከታሉ። በተለምዶ ቢያንስ 80 በመቶው መላክ ይኖርበታል። ይህ መቶኛ በዜና ውስጥ ሲጠቀስ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

የበሽታው መጠሪያም ቁጥሩን ይለውጠዋል። በ1998 ዓ.ም ከተነሣው ወረርሽኝ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በመግለጫዎች ላይ ይሠራበት የነበረው ስም «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ወይም በአጭሩ «አተት» ነበር። ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ኮሌራ በስሙ ይጠራል። አተት ምልክትን የሚገልጽ ሰፊ ስም ሲሆን ኮሌራ የአንድ ተሕዋስ በሽታ ነው። የሁለቱን ዘመን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጨመረ» ወይም «ቀነሰ» ማለት አይቻልም። በኮሌራ ውስጥም ቢሆን «ተጠርጣሪ» እና «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚባሉት የተለያዩ ናቸው። ወረርሽኝ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ስለማይመረመር፣ የተረጋገጡት ጥቂት መሆናቸው በሽታው ጥቂት ነው ማለት አይደለም።

በድርቅ ወቅት ከሚወጡት ቁጥሮች መካከል የሕፃናት የምግብ እጥረት ልየታ ይገኝበታል። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቷል ይባላል። መለኪያው ፈጣንና ርካሽ በመሆኑ በጣም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ወደ መለኪያ ጣቢያ የሚመጡት አስቀድመው የተጎዱት ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዴም መራመድ የቻሉ እናቶች ልጆች ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ከተለኩት ይህን ያህሉ ተጎድተዋል ማለትና ከአካባቢው ሕፃናት ይህን ያህሉ ተጎድተዋል ማለት አንድ አይደሉም።

ጎዴ፣ 1992 ዓ.ም

ቁጥር ዘግይቶ ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ከጎዴ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። በ1992 ዓ.ም በሶማሌ ክልል በተከሰተው ድርቅ በርካታ ሰዎች ምግብ ፍለጋ ወደ ጎዴ ከተማና አካባቢዋ ተሰባሰቡ። በኋላ በዶክተር ፒተር ሳላማ የተመራ የባለሙያዎች ቡድን በ595 ቤተሰቦች ውስጥ የሚኖሩ 4 ሺህ 32 ሰዎችን የሚመለከት ጥናት አካሂዶ ውጤቱን እ.ኤ.አ በ2001 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አወጣ። እ.ኤ.አ ከዲሴምበር 1999 እስከ ጁላይ 2000 ባለው ጊዜ በእነዚህ ቤተሰቦች ውስጥ 293 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ 159ኙ ከአምስት ዓመት በታች፣ 72ቱ ደግሞ ከ5 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ነበሩ።

ስሌቱን ማንም ሊሞክረው ይችላል። 293 ለ4 ሺህ 32 ተካፍሎ፣ ውጤቱ እንደገና ለ240 ቀናት ገደማ ሲካፈል በቀን ከ10 ሺህ ሰው 3 ያህል ሞት ይመጣል። አጥኚዎቹ ሁለት የመረጃ ምንጮችን በማነጻጸር ከሁለቱም ያመለጡ ሟቾችን የሚገምት ዘዴ ተጠቅመው 3.2 ላይ ደርሰዋል። ከአምስት ዓመት በታች በሆኑት ላይ ደግሞ 6.8 ነበር። ሁለቱም ከአደጋ መለኪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ናቸው።

በጥናቱ ውስጥ ከሁሉም የሚከብደው ሌላ ቁጥር ነው። ከሞቱት 77 በመቶ ያህሉ የሞቱት ዋናው የርዳታ ሥራ እ.ኤ.አ በኤፕሪልና በሜይ 2000 ከመጀመሩ በፊት ነበር። ለአንድ አካባቢ በወቅቱ ቁጥር አለመኖሩ፣ ዓለም ስለዚያ አካባቢ በሰማበት ጊዜ ከአራቱ ሟቾች ሦስቱ ያህል ተቀብረው እንደነበር ያሳያል። ሌላው ግኝት የኩፍኝ ድርሻ ነው። ኩፍኝ ብቻውን ወይም ከሰውነት መክሳት ጋር ተዳምሮ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት ለ22 በመቶው ምክንያት ሆኗል። ለምግብ ሲባል በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ያልተከተበ ሕፃን ለኩፍኝ የተመቻቸ ነው። የተራበውን የሚቆጥር እንጂ የተከተበውን የማይቆጥር ዜና ይህን ሊያሳይ አልቻለም ነበር።

መቶኛ ያለ መነሻው የሚያደርሰው ጉዳት በቆላማው አካባቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ አዲስ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ይጨምራሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። እጥፉ ከ7 ሺህ ሴቶች ከ1 ወደ 2 መጨመሩ ነበር። ብዙዎች ይህን ሳይሰሙ መድኃኒቱን አቋረጡ። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ የጽንስ ማቋረጥ ቁጥር በ13 ሺህ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ጋዜጣ በበዛበትና ቴሌቪዥን በየቤቱ በገባበት አገር የሆነ ነው።

የተነገረ ቁጥርና የተገመተ ቁጥር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉም የዓለም የኮሌራ መረጃ ያመለክታል። እ.ኤ.አ በ2023 አገሮች ለዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቁት 535 ሺህ 321 ሕመምተኞችንና 4 ሺህ 7 ሟቾችን ነው። እ.ኤ.አ በ2015 የታተመ የተመራማሪዎች ግምት ግን በዓለም በየዓመቱ 2.9 ሚሊዮን ሰዎች እንደሚታመሙና 95 ሺህ እንደሚሞቱ ይገልጻል። የሞት ግምቱም ከ21 ሺህ እስከ 143 ሺህ ባለው ሰፊ ክልል ውስጥ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች «የኮሌራ ሟቾች» ተብለው ይጠቀሳሉ። አንደኛው የተቆጠረው፣ ሁለተኛው ሳይቆጠር እንደቀረ የሚታሰበውን ጭምር የያዘ ነው።

በዜና ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ማስገባት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። ለአብነት ያህል «በሊበን የኮሌራ ሕሙማን ቁጥር በእጥፍ ጨመረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ወደ አየር ሊወጣ ነው እንበል። ዘጋቢው ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አንድ ጊዜ ስልክ ደውሎ ቢጠይቅ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ «በነገሌ ዙሪያ በሊበን ወረዳ ባለፈው ሳምንት በኮሌራ የተጠረጠሩ 18 ሰዎች ተመዝግበዋል። በቀደመው ሳምንት 9 ነበሩ። ሁሉም ከሁለት ቀበሌዎች የመጡ ሲሆን የሞተ የለም። ሪፖርት ማድረግ ካለባቸው ኬላዎች ሁለቱ አልላኩም።» ሁለተኛው በሬዲዮ ሲነበብ ከመጀመሪያው የሚረዝመው በአሥራ አምስት ሰከንድ ገደማ ነው።